በገመድ ላይ የተሰጣ ሰላጣ

በግቢያችን ውስጥ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚሄድ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም የሁላችንንም ሰገራ ያየው ሰውዬ ነው።

ከዋናው መንገድ ማዶ ባለው ክሊኒክ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራል። ሆዱን የቆረጠው ሁሉ በትንሽ ብልቃጥ ይዞለት ይሄዳል፤ እሱ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ያይና ያየውን ይናገራል። ሥራው ነው፣ ማንም አይፈርድበትም። ችግሩ፣ ሲመሽ ይኸው ሰውዬ ተመልሶ የሚመጣው እኛው ግቢ መሆኑ ነው። አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ አንድ የውጭ በር እንጋራለን። ጠዋት ብልቃጥ የሰጣችሁትን ሰው ማታ «እንደምን ዋልክ» ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጥግ ያለው ቤት የሚኖሩት ጡረተኛው የመቶ አለቃ፣ ጥይት አላስጎነበሰኝም የሚሉት ሰውዬ፣ እሱ ሲገባ ጋዜጣቸውን አፍንጫቸው ድረስ ያስጠጉታል። እናቴ ደግሞ ከሩቅ ካየችው ያልጠፋ ነገር መፈለግ ትጀምራለች።

እኛ ልጆች ማይክሮስኮፑ ነበር የምንለው። ዓይኑ ከሥራ ብዛት እንደ መሣሪያው ሆኗል፣ በር ላይ ቆሞ ምሳችን ሆዳችን ውስጥ የት እንደደረሰ ያያል ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ። ካስወራሁ በኋላ ግን እኔም አመንኩት። እንዲህ ያለ ተሰጥኦ አለኝ። ስለዚህ የግቢው ልጆች በሙሉ በአጠገቡ ስናልፍ ሆዳችንን በሁለት እጃችን ሸፍነን ነበር። እሱ ምስኪኑ ወረርሽኝ የገባ መስሎት ሲጨነቅ እንደከረመ የነገረኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ስለ አክስቴ ልንገራችሁ። እታለም እላታለሁ። የእናቴ ታናሽ ናት፣ ከኛ ጋር ትኖር ነበር፣ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት ማሽኗ ከመስኮቱ ሥር ነው፣ መስኮቱ ደግሞ ቧንቧውን ያያል። ፔዳሉን እየረገጠች ወሬ ትፈጥርልኛለች፤ ኪሱ ውስጥ ወንዝ ደብቆ ስለሚዞር ሰውዬ፣ ጨረቃን አጥባ ገመድ ላይ ስላሰጣች ሴት። አንዱንም ጨርሳልኝ አታውቅም። ክሩ ሲያልቅ ወሬውም ያልቃል። የቀረውን እኔ ስጨርሰው ነው ሰው ውሸታም የሚለኝ። በዚያ ዓመት ክፍል ደግሜ ነበር፤ እኩዮቼ ወደ ላይ ሲወጡ እኔ ከታናናሾቼ ጋር ተቀምጫለሁ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚጠብቀኝ ደስ የሚል ነገር ቢኖር የማሽኑ ድምፅ ነው። እታለም ከሌለች እኔም የለሁም ማለት ይቻላል።

ነገሩ የጀመረው በሰላጣ ነው።

አንድ ቀን እታለም አንድ ራስ ሰላጣ ይዛ ወጣች። ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞላች፣ ሰላጣውን አንገቱን ይዛ አንዴ ነከረችው፣ አወጣችው፣ አራገፈችው። ማይክሮስኮፑ ከጎኗ ቁጢጥ ብሎ ካሮት በብሩሽ ያሻል።

«ይቅርታ እህቴ» አለ። «ይሄ ማጠብ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ማስፈራራት ነው።»

እታለም ሳፋውን መሬት አስቀመጠች። «እርስዎ የኔን ሰላጣ ትተው ካሮትዎን ይዩ።»

«ካሮቱን አይቻለሁ። ሰላጣው ነው የሚያሳስበኝ። አፈሩ ያለው ቅጠሎቹ የሚገናኙበት ጋ ነው፣ ውሃው ደግሞ እዚያ አልደረሰም። አፈር ካለ እንቁላል አይጠፋም።»

«የምን እንቁላል?»

«የትል።»

እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሆዴን ያዝኩ።

ከዚያ አሳያት። መጀመሪያ የራሱን እጅ በሳሙና ታጠበ። የውጭዎቹን ቅጠሎች ጣላቸው። የቀሩትን አንድ በአንድ ገነጠላቸውና እያንዳንዱን በሚወርድ ውሃ ሥር ፊቱንም ጀርባውንም በአውራ ጣቱ አሸው፤ የሚነበብ ነገር ያለበት ይመስል ያገላብጠዋል። ማንጎም ነበረው፣ እሱንም አጠበው።

«ሊልጡት አይደል እንዴ?» አለችው።

«ቢላዋው እኮ ልጣጩ ላይ ያለውን ይዞ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው።»

እታለም አሰበች። እኔም አሰብኩ። እስከዚያ ዕለት የበላሁትን ማንጎ ሁሉ በየተራ አሰብኩ።

ቤት ስትገባ ተናዳ ነበር። መናደዷን በምን አወቅሽ ብትሉኝ፣ ፊቷ ቀልቷላ። «እኔን ሰላጣ ማጠብ ሊያስተምረኝ!» አለቻት እናቴን። አለችና በማግስቱ ሌላ ሰላጣ ገዝታ መጣች። ከዚያ ቲማቲም፣ ከዚያ ካሮት፣ ከዚያ ቃሪያ፣ ከዚያ ስሙን የማላውቀው ቅጠል። ገዝታ ስትመጣ ወዲያው አታጥበውም። በር ላይ ታስቀምጠዋለች። ማይክሮስኮፑ ከሥራ ሲገባ ማጠቡ ትዝ ይላታል።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። መንገድ ሰንብቶ ሲመጣ ገበታው ላይ ያለውን አየና ቆመ።

«ቤቱን ለጥንቸል አከራያችሁት?»

«ለጤና ነው» አለች እናቴ።

«ጤናውን በሥጋ አድርጋችሁ ብትሰጡኝ ምናለ?» አለና ወደኔ ዞረ። አባቴ ዝም ስል አይቶኝ ስለማያውቅ ራዲዮ ነው የሚለኝ። «እሺ ራዲዮ፣ እኔ ሳልኖር ምን ተፈጠረ?»

«ትል ገብቷል» አልኩት።

«የት?»

«የሌለበት የለም።»

አባቴ ያነሣውን ካሮት መልሶ አስቀመጠው።

በየቀኑ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እሰማቸዋለሁ። የሚያወሩት ስለ ትል ብቻ ነው። አንድ ቀን ስለ ወስፋት ነበር።

«እንቁላሉን ቀላል እንዳይመስልዎ» ይላታል። «አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል።»

«ዓመታት ሙሉ ምን ይሠራል?»

«ይጠብቃል። አጋጣሚውን።»

«አጋጣሚው አጠገቡ ቢቆምስ?» አለች እታለም ቲማቲም እያሸች።

ማይክሮስኮፑ ቧንቧውን አየ። «ቲማቲሙ ጠርቷል፣ ይበቃዋል» አለ።

«እርስዎ ካሉ» አለችና ማሸቷን ቀጠለች። የቲማቲሙ ልጣጭ ተነሣ።

አሁን የራሴ ጁስ ቤት አለኝ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር በሰላም ከተለያየን በኋላ የከፈትኩት ነው። እዚያ ቆሜ ሁለት ደንበኞች አንድ ብርጭቆ ይዘው እንደዚህ ሲያወሩ ስሰማ ብሌንደሩን አላስነሣም፣ እጠብቃቸዋለሁ። ያኔ ግን የሚታየኝ አንዲት ልብስ ሰፊ በትል ስትሰቃይ ብቻ ነበር።

ይባስ ብሎ ተጣሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ «እርስዎ» ስትለው ኖራ፣ አንድ ምሽት «ብሩሹን አቀብለኝ እስቲ» አለችው፤ እንደ እኩያዋ። እሱም አልተዋትም፣ «እንኪ» አላት። እንዲህ መናናቅ ከጀመሩ ነገሩ አያምርም ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ድስቱን ከደነችና «አዎ፣ በጣም ነው የተጣሉት» አለችኝ። እንዲህ ያለውን ጠብ ሰው በስንት ልፋት እንደሚያገኘው ያወቅሁት ራሴ ስደርስበት ነው።

አጎቴ ሊመጣ መሆኑን የሰማሁት በዚያ ሰሞን ነው። አጎቴ የእናቴም የእታለምም ታላቅ ነው፤ ሌላ ከተማ ዳቦ ቤት አለው። ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ ሚስቱ ሱቅ ትውላለች፣ እታለም መጥታ ልጆቹን እንድትይዝለት ከፈለገ ቆይቷል። እሁድ በመኪና እመጣለሁ፣ ማሽኗንም ጠቅልላ ትጠብቀኝ ብሎ ልኮ ነበር። እኔ ከማሽኑ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ስለቅም እናቴ መጣች።

«አልሄድም በይው» አለቻት።

«ምን ምክንያት ልስጠው? አጥቤ ያልጨረስኩት ሰላጣ አለ ልበለው?»

«ምክንያቱማ ያውልሽ፣ ቆሞ ካሮት ይፈትጋል። እሱ አንዲት ቃል ከተናገረ ወንድማችን ምንም አይልም።»

«ሁሌም ይናገራል። ስለ ወስፋት።»

«እስከ እሁድ ካልተናገረ እንግዲህ…»

«ካልተናገረ እሄዳለሁ» አለች እታለም። ፔዳሉን ረገጠችው። የዚያን ቀን ወሬ አልፈጠረችልኝም።

እኔ ግን ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ፈተና የሚባለውን ነገር ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፣ ወድቄበታለሁ። ሰውዬው መርማሪ ነው፤ ሥራው መርምሮ ውጤት መናገር ነው። እታለምን አትክልት ማጠብ እየፈተናት ነው፣ በየምሽቱ ቧንቧው ጋ የምትቆመው ለዚያ ነው። አልፋለች ካለ ትቀራለች። ዝም ካለ ወድቃለች፣ አጎቴ ይወስዳታል። እኔንም እኮ አባቴ «ዘንድሮም ከደገምሽ አጎትሽ ዘንድ ነው የምልክሽ» ሲለኝ ከርሟል። ከቤታችን የወደቀ ሰው የሚላከው ዳቦ ቤት ነው።

እና የእታለምን ውጤት ከፍ ማድረግ የኔ ሥራ ሆነ።

ቅዳሜ እታለም እንደ ልማዷ አትክልቱን ገዝታ በቅርጫት በር ላይ አስቀመጠችና የሰፋችውን ቀሚስ ለባለቤቷ ልታደርስ ሄደች። ማይክሮስኮፑ አልገባም። ቅርጫቱን ይዤ ቧንቧው ጋ ወረድኩ። እሱ በውሃ ብቻ ነው የሚያጥበው፤ እኔ የልብስ ሳሙና አመጣሁ። ካሮቱን በወለል መፈተጊያው ብሩሽ እስኪቀጥን ድረስ ፈተግሁት። ቲማቲሙን አሸሁት፣ ግማሹ እጄ ላይ አለቀ። ነጭ ልብስ የሚያነጣ ነገር ሰላጣን ምን ይጎዳዋል ብዬ በረኪና ጨመርኩ። በመጨረሻ ሰላጣውን ቅጠል በቅጠል ጨመቅሁና ገመዱ ላይ በልብስ መቆንጠጫ አሰጣሁት። በእታለም ወሬ ውስጥ ጨረቃም የደረቀችው እንደዚያ ነው።

የመቶ አለቃው ጋዜጣቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ምን እያደረግሽ ነው ልጄ?»

«እያጠብኩ።»

«ሰላጣውን?»

«አዎ።»

«ሲደርቅ ትተኩሺዋለሽ?»

«አይ፣ እንዲሁ ነው የሚበላው።»

«መልካም» አሉና ጋዜጣቸውን መልሰው አነሡ።

ማይክሮስኮፑ በካሮት የተሞላ ፌስታል ይዞ ገባ። ገመዱ ሥር ሲደርስ ቆመ። ከሰላጣው የሚንጠባጠበው ውሃ ጫማው ላይ ያርፋል። አንዱን ቅጠል ነቅሎ አሸተተው። እታለምም ይህን ጊዜ በውጭው በር ገባች። ገመዱን አየች፣ ባዶውን ቅርጫት አየች፣ እኔን አየች።

ውጤቱን እንዳያበላሽባት ብዬ ቀደም ቀደም አልኩ። «ሁሉም ታጥቧል» አልኩት ማይክሮስኮፑን። «አንድም የቀረ የለም። እታለም ከእንግዲህ የምታጥበው የላትም።»

ቅጠሉን ወደ ገመዱ መልሶ ቆነጠጠው። «በሳሙና ነው?»

«በሳሙናና በበረኪና» አልኩ ኮራ ብዬ።

«ሳሙና ለአትክልት አይሆንም» አለ፤ የሚያናግረው ገመዱን ነበር። «ውስጡ ይቀራል፣ ሆድ ያማል። የሚወርድ ንጹሕ ውሃ ነው የሚበቃው።»

«ይጣላ እንግዲህ» አለች እታለም ቀስ ብላ።

«ይጣል።»

ማይክሮስኮፑ ቧንቧውን ከፈተው፤ ከሥሩ ምንም አላስገባም። ውሃው ትንሽ ወረደ። ዘጋው።

«ደህና ይደሩ» አላት።

ወደ «እርስዎ» ተመለሰ ማለት ነው። ታረቁ ብዬ ደስ አለኝ። ግን ውጤቱን ሳይናገር በሩን ዘጋ። እታለም ሰላጣውን ከገመዱ ላይ ስትለቅም እኔ መቆንጠጫውን እቀበላት ነበር፤ አንድም ቃል አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ የሆነውን የሱን በኩል የሰማሁት አርጅቶ ጁስ ቤቴ መምጣት ሲጀምር ነው። የምታጥበው የላትም ያልኩትን እሷ የላከችው መልእክት አድርጎ ነው የወሰደው። አትክልቷን ለልጅ ሰጥታ ያሳጠበችው አጠገቤ መቆም ሰልችቷት ነው ብሎ፣ ያመጣውን ካሮት ሳያጥብ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጦ ቁጭ አለ። አጎቴ እንደሚመጣ የነገረው ሰው አልነበረም። ማን ይንገረው፣ ቀና ብሎ የሚያየው ሳይኖር?

እሁድ አጎቴ መጣ። ሰፊ ሰው ነው፤ ከፒካፑ ሲወርድ መኪናው ቀና ይላል። ከጓሮው የለቀመውን ቲማቲም በቅርጫት ይዞልን ነበር፣ አፈሩ እንዳለ። አንዱን ኮቱ ላይ ጠረገና ገመጠው። ሌላውን ለኔ ዘረጋልኝ።

«አልታጠበም» አልኩት።

«ብይ ባክሽ፣ አፈር ሰው አይገድልም። እኔን አታይኝም?»

አየሁት። ሆዱ በጣም ትልቅ ነበር። ውስጡ ያሉትን አሰብኩና ወደ ኋላ አልኩ።

ማሽኑን ከአባቴ ጋር ተሸክመው ፒካፑ ላይ ጫኑት። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጭነት ሲያስር የኖረ ሰው፣ ያን ቀን ገመድ አልታሰርለት አለ። ያስራል፣ አላማረኝም ይላል፣ ይፈታል፣ እንደገና ያስራል። እናቴ ያልጠፋ ነገር ትፈልጋለች። እታለም አቅፋ ሳመችኝና የጨረቃዋን ወሬ ጨርሺው አለችኝ። ከዚያ ከፊት ገብታ ተቀመጠች። መቀመጫው ላይ የነበረውን የቲማቲም ቅርጫት እናቴ ማውረዱን ረስታው እታለም ጭን ላይ ቀረ።

የማይክሮስኮፑን በር አንኳኳሁ። ከግቢው ልጅ ያን በር ያንኳኳ አልነበረም። ሆዴን አልሸፈንኩም። የፈለገውን ይይ አልኩ።

ፎጣ ይዞ ከፈተ።

«ጋሼ፣ እታለምን ደግመው ይፈትኗት» አልኩት።

«ምን?»

«ሳሙናው የኔ ነው። እሷ ቀሚስ ልታደርስ ሄዳ ነበር፣ ምንም አላየችም። እሷ በውሃ ብቻ ነው የምታጥበው፣ ቅጠል በቅጠል፣ ልክ እንዳስተማሯት። የኔን ውጤት ለሷ አይስጡባት።»

«የምን ውጤት ነው የምታወሪው ልጅቷ?»

«አልፋለች ካላሉ እኮ አጎቴ ይወስዳታል። ማሽኑ ተጭኗል።»

«የት ነው የሚወስዳት?»

«ዳቦ ቤት።»

ፎጣውን እኔ ላይ ጥሎ፣ የጫማውን ክር ሳያስር ወጣ።

የመኪናው ሞተር ተነሥቷል። በእታለም በኩል መስኮቱ ጋ ደረሰና ቆመ። ስለ ወስፋት ፀሐይ እስክትጠልቅ ማውራት የሚችል ሰው አፉ ተሳሰረ። ጎረቤቱ በየበሩ ወጥቷል።

«ምን ነበር ወንድሜ?» አለው አጎቴ መሪውን እንደያዘ።

ማይክሮስኮፑ አጎቴን አየው፣ እታለምን አያት፣ ከዚያ ቅርጫቱን አየ።

«ይሄ ታጥቧል?» አላት።

«አልታጠበም።»

እጁን ሰደደና አንድ ቲማቲም አነሣ። እንብርቱ ላይ ደረቅ አፈር ተለጥፎበታል። ወደ ብርሃን አድርጎ፣ እንደሚያነበው አድርጎ፣ አገላበጠው። ከዚያ ገመጠው። አፈሩ ጥርሱ ሥር ሲንኮሻኮሽ ከቆምኩበት ሰማሁት። አኘከ። ዋጠ። ደግሞ ገመጠ።

ራሱን እየገደለ ነው ብዬ ፎጣውን አቅፌ ማልቀስ ጀመርኩ።

«አፈር አለው እኮ» አለችው እታለም።

«አይቻለሁ።»

«ትታመማለህ።»

«አውቃለሁ» አላት። «አትሂጂ።»

እታለም አየችው። አገጩ ላይ የቲማቲም ፍሬ ተለጥፎ ነበር። ዓይኗን ሳትነቅል ወንድሟን ጠራችው። «ሞተሩን አጥፋው እስቲ» አለችው። «ማሽኔን አውርዱልኝ።»

አጎቴ ግራ ገባው። «ሰው ቲማቲም በላ ተብሎ?»

«አንተ አይገባህም፣ አጥፋው» አለችው እናቴ።

አባቴ ገመዱን በአንድ እጁ ሳብ አደረገው። ገመዱ እንዳለ ወረደ። መጀመሪያውኑ አልታሰረም ነበር።

እታለም ወርዳ አጠገቡ ስትቆም እኔ ወደ ልጆቹ ሮጥኩ። ሰውዬው ራሱን ሠዋ አልኳቸው። እኔ ስነግራቸው ቲማቲሙ ዱባ አክሎ ነበር፣ ትሎቹም ብቅ ብለው ሰላምታ ሰጥተዋል። ከዚያ ሁላችንም ደረጃው ላይ ተደርድረን እስኪሞት ጠበቅነው። ማይክሮስኮፑና እታለም ቧንቧው ጋ ቆመው እሱ ቅዳሜ ሳያጥብ ያስቀመጠውን ካሮት ያጥባሉ። እኛን አላዩንም።

አልሞተም። ዛሬ ጁስ ቤቴ ሲመጣ ከመቀመጡ በፊት ወደ ጓዳ ገብቶ ማንጎዬን ከመላጤ በፊት ማጠቤን ያያል። እታለም «ተወው፣ እሱ ደግሞ» ትለኛለች። የሠርጋቸውን ምክንያት ደንበኛ ሲጠይቀኝ በረኪና ነው እላለሁ፤ ማንም አያምነኝም።

አልሞተም እንጂ መታመሙን ግን ታመመ። ሳምንቱ ሳያልቅ ሆዱን ያዘው። አንድ ጠዋት ትንሽ ብልቃጥ በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ክሊኒኩ ሲሄድ አየነው። ላብራቶሪው ውስጥ ሌላ ባልደረባ ነበረው፤ ሰው የራሱን ራሱ እንዲመረምር አይፈቀድም። ባልደረባው አጎንብሶ አየለት።

የዚያን ዕለት ምሽት በውጭው በር ሲገባ አንገቱን ደፍቶ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ነበር። የመቶ አለቃው አዩት። ጋዜጣቸውን አጥፈው ከወንበራቸው ተነሡ።

«እንደምን ዋልክ ልጄ?» አሉት። «አሜባ ነው?»

«አሜባ ነው» አላቸው።

«አይዞህ፣ እኛንም ይዞን ያውቃል።»

«አውቃለሁ» አለ።

እናቴ መፈለጓን ትታ ወንበር አወጣችለት። እኛም ልጆቹ እጃችንን ከሆዳችን ላይ አወረድን።